በበረዶ ውሽንፍር የተያዘ አሽከርካሪ መቼ ይቁም?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በበረዶ ወቅት እንዴት ማሽከርከር እንደሚገባ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬን አያያዝና ከፊት ካለው መኪና ስለሚጠበቀው ርቀት የተሰጠው ምክር ትክክለኛ ነው፤ ወቅቱ ሳይገባ አስቀድሞ መታተሙም ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በዓይነ ኅሊናው የያዘው የከተማ መንገድ ይመስላል፤ በረዶ ጠራጊው መኪና በየሰዓቱ የሚያልፍበት፣ ግራና ቀኙ በመብራት የተያዘ፣ ቢያስቸግር ቆም ተብሎ የሰው በር የሚንኳኳበት መንገድ። ከከተማ ርቆ በገጠር መንገድ ላይ ሳለ ድንገት የበረዶ ውሽንፍር ለተነሣበት ሰው ግን ከዚያ ምክር አብዛኛው አይደርስለትም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ያዘናጋዋል። በረዶ በሚጥልበት አገር በገጠር መንገዶች ላይ ለዓመታት ያሽከረከርኩ እንደመሆኔ፣ ጎድሏል የምለውን ለማከል ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በረዶ በብዛት መጣሉ ብቻውን ውሽንፍር አይባልም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የውሽንፍር ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው፣ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚነፍስ ነፋስ ከሰማይ የሚወርደውን ወይም ከመሬት የሚነሣውን በረዶ እያበነነ እይታን ከ400 ሜትር በታች ሲያወርድና ይህም ቢያንስ ለ3 ሰዓታት ይቆያል ተብሎ ሲገመት ነው። በዚህ መለኪያ ውስጥ የበረዶው ውፍረት ጨርሶ አልተጠቀሰም። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አንዲት ቅንጣት እንኳ ሳትወርድ፣ ትናንት ሜዳው ላይ ያረፈውን ደቃቅ በረዶ ነፋሱ አንሥቶ መንገዱን ሊሰውረው ይችላል። ስለሆነም ጠዋት በመስኮት ወጣ ብሎ አይቶ «ዛሬስ አይጥልም» ብሎ የሚነሣ አሽከርካሪ ያየው የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚነግረው የነፋሱ ትንበያ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ቆይቶ የሚያልፍ፣ ነገር ግን እንደ ግድግዳ ፊት ለፊት የሚመጣ አጭር የበረዶ ወጀብ አለ። ይኸው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ለዚህ ወጀብ ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ በመላ አገሪቱ ማውጣት የጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ምን ሊያደርስ እንደሚችል ለማወቅ መጋቢት 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ፣ ኢንተርስቴት 81 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። 80 ያህል ተሽከርካሪዎች ወጀቡ ውስጥ እየገቡ አንዱ በሌላው ላይ ተከመሩ፤ 6 ሰዎችም ሞቱ። ከኋላ ይመጡ የነበሩት አሽከርካሪዎች ከወጀቡ ጠርዝ ጥቂት ራቅ ብለው ሳሉ መንገዱ ይታያቸው ነበር፤ ከገቡ በኋላ ግን ከፊታቸው የቆመውን ከባድ መኪና ያዩት ለመቆም የሚበቃ ርቀት ካለቀ በኋላ ነው።

የጽሑፋችሁ ዋና ምክር «ፍጥነት ቀንሱ» የሚል ነበር። ይህን የሚቃወም የለም፤ ጥያቄው እስከ ምን ድረስ የሚለው ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና፣ አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ የሚሄደው ተጨምሮ፣ 45 ሜትር ገደማ ተጉዞ ይቆማል። መኪናዎች ረግጠው ባጠነከሩት በረዶ ላይ ይኸው መኪና ወደ 95 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱ ወደ 30 ቢወርድ ርቀቱ 30 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከሥሩ ግግር በረዶ ካለ ደግሞ ወደ 50 ሜትር ይጠጋል። ውሽንፍሩ ሲበረታ የሚታየው 15 ወይም 20 ሜትር ብቻ ነው እንበል። ያን ጊዜ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳ «ተጠንቅቄ ነው የምሄደው» የሚል ሰው በሚያየው መንገድ ላይ ለመቆም አይችልም፤ ፍሬን ይዞ የሚቆመው ገና ባላየው መንገድ ላይ ነው። እዚያ ምን እንዳለ አያውቅም። ጥሩ የበረዶ ጎማ እነዚህን ቁጥሮች ያሻሽላቸዋል እንጂ አይሽራቸውም። ፎር ዊል ድራይቭ መኪናም ከቆመበት ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል፤ ለመቆም ግን የሚጨምረው ነገር የለም። (ከቦይ ውስጥ ሲጎተቱ ካየኋቸው መኪናዎች መካከል የእነዚህ ብዛት ሁልጊዜ ያስገርመኛል፤ ባለቤቶቻቸው ከሌላው ሰው ይልቅ ተማምነው ስለሚወጡ ይመስለኛል።)

የገጠሩን መንገድ የተለየ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ከቅርብ ላሳይ። የውሽንፍር መጀመሪያው በአስፋልቱ ላይ ይታያል፤ ከቁርጭምጭሚት ከፍ የማይል ደቃቅ በረዶ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እያቋረጠ፣ እየተጥመለመለ ይፈስሳል። በዚህ ጊዜ ሩቁ ሁሉ በግልጽ ስለሚታይ ማንም አይደነግጥም። መሪው ግን በነፋሱ በኩል ሳብ ሳብ ማለት ይጀምራል። ከዚያ በመንገዱ ዳር የዛፍ ረድፍ ወይም የእርሻ ጎተራ ሲመጣ ነፋሱ ይሰበርና ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፤ አሽከርካሪውም «አለፈልኝ» ብሎ ነዳጁን ጫን ያደርጋል። ዛፎቹ ያለቁበት ቦታ ላይ ሲደርስ ባዶው ሜዳ ይጀምራል፤ በአንድ ጊዜም መንገዱ፣ ሰማዩና ኮፈኑ አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናሉ። የመንገዱ የጎን መስመር የለም። ቦዩ በበረዶ ተሞልቶ ከአስፋልቱ ጋር ተስተካክሏል፤ ጥልቀቱ የሚታወቀው ጎማ ከገባበት በኋላ ነው። ብረት አጥር የለም፤ የስልኩ ኔትወርክም ብዙ ቦታ የለም። ጠራጊው መኪና አውራ ጎዳናውን ጨርሶ ወደዚህ መንገድ እስኪመጣ ደግሞ ግማሽ ቀን ሊያልፍ ይችላል።

በእኔ እምነት፣ አሽከርካሪው መልካም ውሳኔ ለመወሰን ያለው ጊዜ የሚያበቃው ሙሉ በሙሉ ማየት ከተሳነው በኋላ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው። ለዚህ የምጠቀምበት ቀላል መለኪያ በመንገድ ዳር የተተከሉትን የመብራት ወይም የስልክ ምሰሶዎች መቁጠር ነው። ከፊቴ አምስት ስድስት ምሰሶዎች እስከታዩኝ ድረስ ፍጥነት ቀንሼ እቀጥላለሁ። ሦስት ብቻ ሲቀሩ የሰው ቤት፣ ነዳጅ ማደያ ወይም ጎተራ ያለበትን ቅርብ ቦታ፣ ኋላ ትቼው የመጣሁትን ጭምር፣ ማሰብ እጀምራለሁ። ሁለት ሲሆኑ እዚያ ለመግባት እወስናለሁ። አንድ ብቻ እስኪቀር የሚጠብቅ ሰው ግን ምርጫው ከእጁ ወጥቷል፤ መዞሪያውንም መግቢያውንም አያገኘውም። ሰዎች ይህን የማያደርጉት አደጋው ስለማይገባቸው አይመስለኝም። የሚጠብቃቸው ሰው አለ፤ ሥራው በሰዓቱ ይፈለጋል፤ ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሰዋልና መመለስ ኪሳራ ይመስላቸዋል። የቀረው መንገድ አጭር መሆኑ ደግሞ ያታልላል፤ ውሽንፍር ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ማለት ያልተጀመረ ጉዞ ማለት ነው።

ጽሑፋችሁ ያልነካው ሌላው ጉዳይ የስልክ አቅጣጫ ጠቋሚዎች ናቸው። አውራ ጎዳናው በበረዶ ምክንያት ሲዘጋ ወይም ሲጨናነቅ እነዚህ መተግበሪያዎች አማራጭ መንገድ ፈልገው ያቀርባሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡትም ከዚያው ጎን ያለውን የገጠር መንገድ ነው፤ ምክንያቱም መኪና ስለሌለበት «ነፃ» ሆኖ ይታያቸዋል። መኪና የሌለበት ግን ማንም ሊያልፍበት ስላልቻለ ሊሆን ይችላል። ጠራጊ አልፎበት እንደሆነ፣ ነፋስ የሚያገኘው ባዶ ሜዳ እንደሆነ፣ ኮረኮንች እንደሆነ መሣሪያው አያገናዝብም። አውራ ጎዳና የሚዘጋው ማሽከርከር የማይቻል በመሆኑ ነው፤ በተዘጋው መንገድ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ከእሱ የጠበበና ያልተጠረገ መንገድ ይሻላል ብሎ ማሰብ ለጤነኛ አእምሮ የሚከብድ ነገር ነው፤ ሆኖም ማያ ገጹ ላይ በሰማያዊ መስመር ተሥሎ ሲመጣ ብዙ ሰው ያምነዋል። የመንገድ ባለሥልጣን መንገድ ዘግቷል ከተባለ ትክክለኛው ትርጉሙ ያሉበት ቦታ መቆየት ነው።

ሳያስቡት ውስጡ ለገቡ ደግሞ ጥቂት ነገር ልበል። ረጅም መብራት ማብራት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ብርሃኑ ከበረዶው ቅንጣቶች እየነጠረ ወደ ዓይን ይመለሳል። አጭሩን መብራት በእጅ ማብራት ያስፈልጋል፤ በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ቀን ላይ በራሱ የሚበራው የፊት መብራት የኋላውን ስለማያበራ፣ ከኋላ ለሚመጣው ሰው መኪናው የለም ማለት ነው። ኤልኢዲ መብራቶችም እንደ ድሮው አምፖል ስለማይግሉ በረዶ ይለጠፍባቸዋልና በቆሙ ቁጥር በእጅ መጥረግ ይገባል። ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀው መሣሪያ) ይጥፋ። ፍሬን፣ መሪና ነዳጅ ሁሉም በዝግታ፣ አንዱ ካንዱ ሳይደራረብ ይነኩ። ከፊት የሚሄድን መኪና ቀይ መብራት ሙጥኝ ብሎ መከተል ደግሞ ያጽናናል እንጂ አያድንም፤ የፊተኛው መኪና ቦይ ከገባ ተከታዩም አብሮ ይገባል፣ የፊተኛው ከቆመም ተከታዩ ከኋላው ይላተመዋል።

በምንም ምክንያት በመንገዱ መሐል መቆም አይገባም። ከኋላ ጠራጊ መኪና ወይም ተሳቢ ሊመጣ ይችላል፤ የቆመ መኪና ደግሞ ለጠራጊው ራሱ እንቅፋት ሆኖ መንገዱን ለሁሉም ይዘጋል። የገጠር መንገድ አንድ በጎ ነገር ቢኖረው በየተወሰነ ርቀት ወደ እርሻና ወደ መኖሪያ ቤት የሚያስገቡ መግቢያዎች መኖራቸው ነው። መስኮት ዝቅ አድርጎ የመንገዱን ዳር እያዩ በእግር ጉዞ ፍጥነት እየተጎተቱ፣ ከእነዚህ አንዱን አግኝቶ መግባትና አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ መቆም የዚያን ቀን ትልቁ ስኬት ነው።

ከሁሉም በላይ ይታተም ብዬ የምለምነው የሚከተለውን ነው። መኪናው ተቀርቅሮ ከቆመ በኋላ ሰው የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ውሽንፍር በጃፓን ሆካይዶ ደሴት በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ታይተዋል። በዚያ ውሽንፍር 9 ሰዎች ሞተዋል። አንድ አባት የ9 ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ሲጓዝ መኪናው በበረዶ ተያዘና እርዳታ ፍለጋ አብረው በእግር ወጡ። በማግሥቱ የተገኘው ልጁን አቅፎ፣ በገላው ከነፋሱ ከልሎ፣ ሕይወቱ አልፎ ነው፤ ልጅቱ ተርፋለች። በዚያው ደሴት በሌላ ስፍራ አንዲት እናትና ሦስት ልጆቿ ከመኪናቸው ሳይወጡ ሞቱ፤ መኪናቸው በበረዶ ተቀብሮ፣ የጭስ ማውጫው ተደፍኖ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ውስጥ ገብቶባቸው ነበር። የመጀመሪያው ታሪክ ከመኪና አትውጡ ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ውስጥ መቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን፣ ሙሪ በተባለችው ተራራማ ከተማ አቅራቢያም ከ20 በላይ ሰዎች መንገድ ላይ ተይዘው በመኪናዎቻቸው ውስጥ ሕይወታቸው አልፏል።

ከመኪና መውጣት ለምን እንዲህ ያለ አደጋ እንደሆነ በውሽንፍር ውስጥ ቆሞ ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ነፋሱ ፊት ላይ ሲመታ ዓይን አይገለጥም፤ ድምፅ አይሰማም፤ የራስ ዱካ ከኋላ ወዲያው ይሞላል። መቶ ሜትር ርቆ ያለ ቤት ላይ ለመድረስ የተነሣ ሰው ትንሽ ወደ ጎን ከተዛነፈ ቤቱን አልፎት ይሄዳል። ፈላጊዎች ደግሞ ከሰው ይልቅ መኪናን በቀላሉ ያገኛሉ። ስለዚህ ቤቱ በግልጽ እየታየ ካልሆነ በቀር ቦታው መኪናው ውስጥ ነው።

ውስጥ የሚቆይ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ወጥቶ የጭስ ማውጫውን ዙሪያ መጥረግ አለበት፤ ይህንንም በረዶው እየተከመረ እስከሆነ ድረስ በየጊዜው ይደግመዋል። በሚወጣበት ጊዜ እጁ ከመኪናው አካል አይለይ። ሞተሩ በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሠራ ሙቀቱም ይበቃል፣ ነዳጁም ይቆጠባል፤ ሲሠራም ነፋስ በማይመታው በኩል ያለው መስኮት በጣት ያህል ይከፈት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድብታ ከተሰማ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋትና አየር ማስገባት እንጂ «ደክሞኝ ነው» ብሎ ማሸለብ አይገባም። ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ አንቴና ወይም በር ላይ ማሰር፣ ሌሊት ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የውስጡን መብራት ማብራት ለፈላጊ ይረዳል። የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ከጭሱ ስጋት ነፃ ነው፤ እንደ ባትሪው መጠንም ለብዙ ሰዓታት ሊሞቅ ይችላል፣ በተለይ መላውን ውስጡን ከማሞቅ ይልቅ የወንበር ማሞቂያውን ከተጠቀመ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጉዞው ሲጀመር ታንከሩ ወይም ባትሪው ከግማሽ በላይ ከነበረና ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ባትሪ መብራትና የሚጠጣ ውሃ መኪናው ውስጥ ከተያዘ ነው። አካፋው የሚቀመጠው በኋላ ዕቃ መጫኛው ሳይሆን ከውስጥ ነው፤ የኋላው ክዳን በበረዶ ሲጋገር አይከፈትም።

ሸክሙን ሁሉ በአሽከርካሪው ላይ መጫንም ፍትሐዊ አይደለም። ጽሑፋችሁ መንገዶችን ስለሚያስተዳድሩ አካላት አላነሣም። በሆካይዶ የመንገዱን ጠርዝ የሚያሳዩ ቀይና ነጭ ቀስቶች ከረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ወደ ታች ተመልክተው ተሰቅለዋል፤ መሬቱ ሁሉ ነጭ ቢሆን አሽከርካሪው ሽቅብ አይቶ ዳሩን ያውቃል። በኖርዌይ በተራራማ መንገዶች፣ ለምሳሌ ሃርዳንገርቪዳ የተባለውን አምባ በሚያቋርጠው መንገድ፣ ውሽንፍር ሲነሣ መንገዱ በበር ይዘጋና መኪናዎች ተሰልፈው በረዶ ጠራጊን ተከትለው ብቻ ያልፋሉ፤ በቂ ነዳጅና ሙቅ ልብስ ያልያዘ ሰው ከሰልፉ ሊመለስ ይችላል። ወጪው ከዚህም ያነሰ ዘዴ አለ። በነፋሱ መምጫ በኩል የሚተከል የበረዶ አጥር የሚበነነውን በረዶ መንገዱ ላይ ሳይደርስ ያስቀረዋል፤ ክምሩ ከአጥሩ ኋላ እስከ ቁመቱ 35 እጥፍ ድረስ ሊዘረጋ ስለሚችል 2 ሜትር አጥር ከመንገዱ 70 ሜትር ያህል ርቆ መተከል አለበት። በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የመንገድ መሥሪያ ቤቱ በመንገድ ዳር ያሉ ገበሬዎች ጥቂት የበቆሎ ረድፎችን ሳያጭዱ እንዲያከርሙ ገንዘብ ይከፍላቸዋል፤ የቆመው አገዳ አጥር ሆኖ ያገለግላል። እንዲህ ያለውን ሐሳብ ለማስፈጸም ከባድ በጀት አያስፈልግም፤ በየትኛው ሜዳ ላይ መንገዱ እንደሚጠፋ የሚያውቁ የአካባቢው ነዋሪዎችና የጠራጊ መኪና አሽከርካሪዎች ቢጠየቁ ቦታዎቹን በአንድ ቀን ይቆጥሯቸዋል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ሁለት ነገር እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ መኪና ውስጥ ተቀርቅሮ ስለመቆየት፣ በተለይም ስለ ጭስ ማውጫው የሚገልጽ አጭር ማሳሰቢያ ተቆርጦ መኪና ውስጥ ሊቀመጥ በሚችል መጠን በሚቀጥለው እትም ይውጣልን። ሁለተኛ፣ የመንገድ አስተዳዳሪዎች የገጠር መንገድ የሚዘጉት በምን መለኪያና በማን ውሳኔ እንደሆነ፣ መዘጋቱም ወደ አቅጣጫ ጠቋሚ መተግበሪያዎች በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚደርስ ጋዜጠኞቻችሁ ጠይቀው መልሱን ያሳውቁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ